የዊሊያም ሄስቲን የሥራ ታሪክ በአማርኛ ሲጽፉ፦ ስህተት የሚገባባቸው ቦታዎች

ዊሊያም ሄንሪ ሄስቲ (1904–1976፤ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ጊዜ የአሜሪካ የፌዴራል ዳኛ፣ በመካከሉ ደግሞ የቨርጂን ደሴቶች አገረ ገዥ ነበሩ። ጸሐፊውን የሚያደናቅፈው «ዳኛ» የሚለው ቃል ነው፤ ማዕረጉ አንድ ይምሰል እንጂ ሁለቱ ሹመቶች በዓይነት ይለያያሉ።

ከመጻፍ በፊት ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፦ ማን ሾመ፣ የት፣ ለስንት ዘመን። በ1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የቨርጂን ደሴቶች ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ዳኛ አድርገው ሾሟቸው። በ1939 ለቀው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆኑ። ከ1940 ጀምሮ የጦር ሚኒስትሩን ሄንሪ ስቲምሰንን በሲቪል ረዳትነት አገለገሉ፤ በ1943 ግን በሠራዊቱ ውስጥ የነበረውን የዘር መድልዎ ተቃውመው ሥራውን ተዉ። በ1946 ፕሬዚዳንት ትሩማን አገረ ገዥ አደረጓቸው፤ በ1949 ደግሞ በሦስተኛው ሰርኪዩት የይግባኝ ፍርድ ቤት ሾሟቸው።

ዋናው ሦስተኛው ዓምድ ነው። የ1937ቱ ፍርድ ቤት ኮንግረስ ግዛቶችን ለማስተዳደር ባለው ሥልጣን ያቋቋመው ስለነበር የዳኛው ዘመን አራት ዓመት ብቻ ነበር። የ1949ኙ ሹመት ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ሥር ነው፤ ዳኛው መልካም ጠባይ እስካለው ድረስ ዕድሜ ልኩን ይቀመጣል። ስለዚህ ስለ 1937 «የመጀመሪያው ጥቁር የፌዴራል ዳኛ» ማለት ይቻላል፤ «በአንቀጽ 3 ሥር የመጀመሪያው» የሚለው ግን የኋለኛው ሹመት ነው። በፌዴራል የዳኝነት ማዕከል የዳኞች መዝገብ ውስጥ ስማቸውን ሲፈልጉ የ1937ቱን በዳኝነት አገልግሎት ርዕስ ሥር አያገኙትም፤ በሙያ ታሪክ ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው። ጠፋ ብለው አይተዉት።

«ቴሪቶሪ»ን «ክልል» ብሎ መተርጎም አንባቢን ያሳስታል፤ የኛ ክልል የፌዴሬሽኑ አባል ነው። «ግዛት» ብቻ ካሉ ደግሞ ከቴክሳስ ጋር ይምታታል። ቃሉን እንዳለ ወስዶ መጀመሪያ ላይ ማብራራት ይሻላል፦ አሜሪካ በ1917 ከዴንማርክ በ25 ሚሊዮን ዶላር የገዛቻቸው፣ ነዋሪዎቻቸው በፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ የማይሰጡ ደሴቶች። «ተመረጡ» እንዳይሉ፤ በደሴቶቹ ሕዝቡ ገዥውን መምረጥ የጀመረው በ1970 ነው። «አገረ ገዥ» እዚህ ላይ ልክ ይገጥማል፤ በንጉሡም ዘመን አገረ ገዥ ከላይ የሚሾም እንጂ የሚመረጥ አልነበረም። «በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ገዥ» ማለትም ስህተት ነው። ጥቁሩ ፖለቲከኛ ፒንችባክ በ1872 መጨረሻ ላይ ሉዊዚያናን ለጥቂት ሳምንታት በተጠባባቂነት ገዝተዋል። ለሄስቲ «የቨርጂን ደሴቶች የመጀመሪያው ጥቁር አገረ ገዥ» ይበቃል።

ቀኖቹ ሌላ ወጥመድ አላቸው። የ1949ኙ ሹመት ሴኔቱ በዕረፍት ላይ ሳለ የተሰጠ ጊዜያዊ ሹመት ነበር፤ ሴኔቱ ያጸደቀው በፈረንጅ ሐምሌ (ጁላይ) 19 ቀን 1950 ነው። አንዱ ጽሑፍ 1949፣ ሌላው 1950 ቢል ሁለቱም አልዋሹም፤ እርስዎ ግን የትኛውን እንደሚሉ ይግለጹ። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጅ ዓመት መጨረሻ (ዲሴምበር 31) ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ይቀንሳሉ። በዚህ ስሌት ጥቅምት 1949 እና ሐምሌ 1950 ሁለቱም 1942 ዓ.ም. ላይ ያርፋሉ፤ ማጽደቂያው ሐምሌ 12 ቀን ነው። በጅምላ ስምንት የቀነሰ ሰው ሹመቱን 1941 ዓ.ም. ላይ ይጥለዋል።

ከ1968 እስከ 1971 የፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ነበሩ። በ1971 «ጡረታ ወጡ» አይበሉ። የወሰዱት «ሲኒየር ስታተስ» ነው፤ ዳኛው ወንበሩን ለተተኪ ይለቃል፣ ዳኝነቱ ግን አይቋረጥም፣ ከፈለገም ቀለል ባለ ጫና መዝገብ ማየቱን ይቀጥላል። ሄስቲ ሚያዝያ 6 ቀን 1968 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1976) ሲያርፉ ገና ዳኛ ነበሩ።