ለማጥመጃ የሚሆን ኢል በቤት ውስጥ እንዳይሞት

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እየኖሩ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሮክፊሽ የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ወገኖች፣ መንጠቆ ላይ የሚሰኩትን ኢል የተባለ እባብ መሰል ዓሣ ከነሕይወቱ ገዝተው ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ከድነው ሲያሳድሩት፣ ጠዋት ብዙውን ጊዜ ሞቶ ያገኙታል። የገደለው ረሃብ ሳይሆን የኦክስጅን እጥረት ነው። ኢል ሰውነቱ እርጥብና ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ በቆዳው ጭምር ስለሚተነፍስ፣ ለአንድ ሌሊት ከሆነ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ፣ ሥሩ በተበሳሳ ዕቃ በበረዶ ላይ ማስቀመጥ ከቆመ ውኃ ይሻላል፤ የቀለጠው በረዶ ግን ወደ ታች መውረድ እንጂ ኢሉን ማጥለቅለቅ የለበትም።

ለቀናት ለማቆየት ሰፊ ዕቃ፣ አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕና ፀሐይ የማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ያስፈልጋል። በብዙ ከተሞች የቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎራሚን የተባለ ጀርም ገዳይ ኬሚካል እንደ ክሎሪን ውኃውን በማሳደር ብቻ ስለማይለቅ፣ የጌጥ ዓሣ ዕቃ ከሚሸጥበት መደብር ማርከሻውን ገዝቶ መጨመር ይገባል። ምግብ ውኃውን ስለሚያበላሽ ለጥቂት ቀናት ባይሰጣቸው ይመረጣል፤ የሞተውንም ወዲያው ማውጣት ነው።

ክዳኑ በደንብ ይገጠም፤ እኔ ለፓምፑ ቱቦ በተውኩት ቀዳዳ ያመለጠውን አንዱን ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ሥር ነው ያገኘሁት። በእጅ ስለሚያሟልጭ በደረቅ ጨርቅ ይያዝ። የተረፈውን ወደ ሌላ ወንዝ መልቀቅ ኢል ውኃ ውስጥ ለመንሳፈፍ የሚረዳውን የአየር ከረጢት የሚያጠቃ ጥገኛ ትል ሊያዛምት ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግ።