የአፈር ናሙና ስንወስድ፣ ማዳበሪያ ስናሰላ የምንሳሳታቸው

የምርመራው ውጤት ከማሳው ጋር አልገጥም ሲል ወቀሳው ወደ ላቦራቶሪው ይሄዳል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላቦራቶሪው በፊት አካፋው ላይ፣ አለዚያም ከላቦራቶሪው በኋላ ስሌቱ ላይ ነው።

የተለያየ አፈርን በአንድ ከረጢት መክተት። ላይኛው ወገኑ ቀይ አፈር፣ ታችኛው ወገኑ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) የሆነ ማሳ ሲቀላቀል ውጤቱ የሁለቱንም አይገልጽም። አፈሩ፣ ተዳፋቱ ወይም ያለፈው ዓመት ሰብል ከተለያየ ማሳውን ይክፈሉት፤ ከየክፍሉም በዚግዛግ እየሄዱ ከ15 እስከ 20 ቦታ ይውሰዱ።

የማይሆን ቦታ መቆፈር። አውድማ፣ የፍግ ክምር የነበረበት ቦታ፣ የዛፍ ሥርና የእርከን ጥግ ይታለፋሉ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ደግሞ ለገብስ ሲባል ጓል ከኩበት ጋር ተከምሮ የተቃጠለበት መሬት ያጋጥማል። እዚያ ሰብሉ የሚያገኘው ፎስፈረስና ፖታስየም ከፍ ስለሚል አንድ ሁለት አካፋ ከገባ የማሳውን ውጤት ያሳብጠዋል። ጊዜ ካለፈው በዓይን አይለይም፤ ባለመሬቱን ይጠይቁ።

ጥልቀቱን ማዛባት። ለስንዴ፣ ለጤፍና ለገብስ ከ0 እስከ 20 ሳ.ሜ. ይበቃል። አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍረው ከአንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ እኩል የሆነ፣ ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ. ቁራጭ ያንሱ። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቅና የላዩ አፈር ወደ ስንጥቁ ይወርዳል፤ ሲጨቀይ ደግሞ አካፋውን አይለቅም። መካከለኛ እርጥበት ሲኖረው ይሻላል። ውሃ እንዲጠነፈፍ መደብ (በቦዮች መካከል ከፍ ያለ መሬት) የተሠራበት ማሳ ከሆነ ናሙናው ከመደቡ ይወሰድ፤ የቦዩ የላይ አፈር ወደ መደቡ ወጥቷል።

ጓሉን ሳይፈረፍሩ ማድረቅ። መረሬ ከደረቀ ድንጋይ ነው፤ እርጥበቱ ሳለ በእጅ ይፈርፍሩትና ጥላ ሥር ያድርቁት። የተቀላቀለውን አራት ቦታ ከፍለው ትይዩ የሆኑትን ሁለቱን ይጣሉ፤ 1 ኪ.ግ. ገደማ እስኪቀር ይደጋግሙት። የማዳበሪያ ጆንያ በፍጹም አይጠቀሙ። መለያውን በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይጠፋል።

ፎስፈረስን ከፒ2ኦ5 (የማዳበሪያ ፎስፈረስ መጠን የሚገለጽበት የፎስፈረስና የኦክስጅን ውህድ) ጋር ማምታታት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ቁጥሩ ትክክል ስለሚመስል ማንም አይጠይቀውም። ምክረ ሐሳቡ በሄክታር 20 ኪ.ግ. ፎስፈረስ ቢል በ2.29 ሲባዛ 46 ኪ.ግ. ያህል ፒ2ኦ5 ይሆናል። ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) 38 በመቶ ፒ2ኦ5 ስላለው የሚያስፈልገው 121 ኪ.ግ. ነው። 20ውን እንዳለ ፒ2ኦ5 ነው ብሎ ያሰላ ባለሙያ ግን 53 ኪ.ግ. ብቻ ያዛል፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው።

የኤንፒኤስን ናይትሮጅን መርሳትም አብሮ ይመጣል። 19 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው 121 ኪ.ግ. ኤንፒኤስ 23 ኪ.ግ. ናይትሮጅን ይዟል። በሄክታር የታዘዘው ናይትሮጅን 92 ኪ.ግ. ከሆነ የቀረው 69 ኪ.ግ. ነው፤ ይህም 46 በመቶ ናይትሮጅን ካለው ዩሪያ 150 ኪ.ግ. ይሆናል እንጂ 200 አይደለም።

ውሃ በተኛበት ማሳ ዩሪያ መበተን። አየር ባጣ አፈር ውስጥ ናይትሮጅኑ ወደ ጋዝነት ተቀይሮ ያመልጣል። መጀመሪያ ውሃው ይጠንፈፍ። በቢቢኤም (መደብና ቦይ ማውጫ መሣሪያ) የሚወጣው መደብ 80 ሳ.ሜ.፣ ቦዩ 40 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ የእነዋሪ ገበሬ ግን መሣሪያው ሳይመጣም መደቡን በእጁ ያወጣ ነበር። ቦዩ መውጫ ከሌለው ውሃውን ማሳው ውስጥ ያዞረዋል እንጂ አያስወጣውም፤ ስለዚህ የጋራ ማፋሰሻውን ከታችኛው ማሳ ባለቤት ጋር ተነጋግሮ ከዘር በፊት መክፈት ያስፈልጋል።