የአስቤዛ ካሽ ባክ፦ ካርዱ የሚያየው ዘንቢላችሁን ሳይሆን የሱቁን ኮድ ነው

አምና ለፋሲካ ዋዜማ፣ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሁሌ ከምንገበይበት ሐበሻ ሱቅ የ184 ዶላር ዕቃ ገዛሁ። የበግ ሥጋ፣ እንቁላል፣ የተነጠረ ቅቤ፣ በርበሬ፣ አምስት እሽግ እንጀራ። ኪሴ ውስጥ ሱፐርማርኬት ላይ ከከፈልኩት 6 በመቶውን የሚመልስ ክሬዲት ካርድ ነበረኝ፤ ይህ ተመላሽ ነው ካሽ ባክ የሚባለው። በልቤ 11 ዶላር ደምሬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ስቴትመንቱ (የወሩ የካርድ ሂሳብ) ሲመጣ የተመለሰልኝ 1 ዶላር ከ84 ሳንቲም፣ ማለትም 1 በመቶ ብቻ ነው።

ባንኩ የተሳሳተ መስሎኝ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትህትና አስረዳችኝ። "ይሄ ሱቅ የተመዘገበው ምግብ ቤት ተብሎ ነው።" እውነትም ሱቁ ጥግ ላይ አራት ጠረጴዛ አለው። ጥብስና ቡና ይሸጣል። እኔ የፋሲካ ዕቃ ተሸክሜ ስወጣ፣ በባንኩ መዝገብ የ184 ዶላር ጥብስ በልቼ ነው የወጣሁት።

አዲስ አበባ ውስጥ "ግሮሰሪ ገባሁ" ያለ ሰው ቢራ ሊጠጣ ነው የገባው። አሜሪካ ግሮሰሪ ማለት ወተትና ቲማቲም ነው። ባንክ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ቃሉ ሦስተኛ ትርጉም አለው። ካሽ ባክ በትክክል ማግኘት የሚፈልግ ሰው ይህን ሦስተኛውን ትርጉም ማወቅ አለበት። እኔ ከብዙ ስህተት በኋላ የደረስኩበትን አካሄድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ዕዳውን ጨርሱ

ካርዳችሁ ላይ ከወር ወር የሚንከባለል ዕዳ ካለ፣ ሌላውን ደረጃ ለጊዜው ተዉት። አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ወለድ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ነው። በ24 በመቶ ወለድ የ1,500 ዶላር ዕዳ ያለበት ሰው በወር 30 ዶላር ገደማ ወለድ ይከፍላል። 6 በመቶ በሚመልስ ካርድ በወር የ500 ዶላር አስቤዛ የሚገዛ ሰውስ ስንት ያገኛል? እሱም 30 ዶላር ነው። በአንድ እጅ ተቀብሎ በሌላው መመለስ ማለት ነው።

ዕዳ ከሌለባችሁ ኦቶፔይ (ሂሳቡ በየወሩ በራሱ እንዲከፈል የሚያደርገውን) አብሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ሚኒመም" (ዝቅተኛው ክፍያ) የሚለውን መርጦ ነው። የምትመርጡት ሙሉውን የስቴትመንት ሂሳብ ነው። ቢሉ ከወጣ በኋላ እስከ መክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን እንዲሰጣችሁ ሕጉ ያስገድዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙሉውን ከከፈላችሁ ለገዛችሁት ዕቃ ወለድ የሚባል ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ ወጪያችሁን በዕቃ ሳይሆን በሱቅ ከፋፍሉ

"እኛ ቤት ለአስቤዛ በወር 660 ዶላር ይወጣል" እያልኩ ነበር ለዓመታት የማወራው። እውነት ነው። ግን ለካርድ ምርጫ ይህ ቁጥር ምንም አይጠቅምም። አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የሦስት ወሩን ስቴትመንት በሱቅ በሱቅ ከፈልነው። በወር ሲሰላ እንዲህ ወጣ፦

ኮስትኮ 220 ዶላር። ጂያንትና ትሬደር ጆስ አንድ ላይ 260። ሐበሻ ሱቅ 120። ዎልማርት 60።

ባንኩ "ሱፐርማርኬት" ብሎ የሚቆጥረው የትኛውን እንደሆነ ገምቱ። 260ዋን ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ወጪያችን 6 በመቶ አይቶ አያውቅም።

እናንተም ይህን አድርጉ። ሦስት ወር በቂ ነው። ግን የፋሲካ ወይም የእንቁጣጣሽ ወር ብቻውን አይያዝ፣ ሂሳቡን ያሳብጠዋል።

ደረጃ 3፦ የሱቁን ኮድ እወቁ

ካርድ የሚቀበል ሱቅ ሁሉ አራት አኃዝ ያለው ኮድ አለው። ለሱፐርማርኬት 5411 ነው። ለምግብ ቤት 5812። እንደ ኮስትኮ ላሉ በአባልነት ለሚገባባቸው የጅምላ መደብሮች 5300። ለዳቦ ቤት 5462። ባንኩ ደረሰኛችሁን አያይም፤ ሽንኩርት ይሁን ሻማ የገዛችሁት አያውቅም። የሚደርሰው ኮዱና የብሩ መጠን ነው።

ስለዚህ ዎልማርትና ታርጌት ገብታችሁ ጋሪውን ሙሉ በአትክልትና በወተት ብትሞሉትም፣ በአብዛኞቹ ካርዶች ሕግ ሱፐርማርኬት አይባሉም። ኮስትኮም እንደዚያው ነው። በተቃራኒው ጂያንት ገብታችሁ የሻይ ብርጭቆ ብትገዙ የአስቤዛ ካሽ ባክ ይመጣላችኋል።

የሐበሻ ሱቅ ነገር ግን ከውጭ አይታወቅም። አንዱ ግሮሰሪ ተብሎ ይመዘገባል፣ ጎረቤቱ ምግብ ቤት፣ ሦስተኛው ሥጋ ቤት። ባለቤቱ የካርድ ማሽኑን ሲያስገባ ምን ብሎ እንደሞላ ነው የሚወስነው። መፍትሔው መሞከር ነው። ለትልቅ በዓል ከመገብየታችሁ በፊት አንድ ቀን እንጀራና ሽሮ ብቻ ግዙ። ሂሳቡ ተጠናቆ እስኪገባ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። ከዚያ የባንኩን አፕ ከፍታችሁ ግዢውን ስትነኩት ምን ምድብ ውስጥ እንዳስገባው ወይም ስንት በመቶ እንደሰጣችሁ ያሳያል። ታዲያ ከ10 ዶላር በታች አትግዙ፤ ሱቆች በክሬዲት ካርድ ለመቀበል እስከ 10 ዶላር ዝቅተኛ መጠን እንዲያስቀምጡ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ብዙዎቹም ያስቀምጣሉ።

ደረጃ 4፦ አሁን ካርድ ምረጡ

ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ለዚህም ነው የሚሳሳተው። ከታች ያሉት ቁጥሮች ባንኮቹ በየጊዜው ስለሚቀያይሯቸው ከማመልከታችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ።

የአሜሪካን ኤክስፕረስ ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች 6 በመቶ ይመልሳል፣ በዓመት እስከ 6,000 ዶላር ግዢ ድረስ። ከዚያ በላይ 1 በመቶ ነው። ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ነው። ወንድሙ ብሉ ካሽ ኤቭሪዴይ 3 በመቶ ይመልሳል፣ ጣሪያው ያው 6,000 ነው፣ ዓመታዊ ክፍያ ግን የለውም።

የትኛው ይሻላል? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 3 በመቶ ነው። ያ 3 በመቶ 95 ዶላሩን ለመሸፈን በዓመት 3,167 ዶላር ገደማ ሱፐርማርኬት ውስጥ ማውጣት አለባችሁ። በወር 264 ዶላር ማለት ነው። የእኛ ቤት ቁጥር ስንት ነበር? 260። በዓመት 3,120 ዶላር። በ6 በመቶው ካርድ 187 ዶላር ከ20 ሳንቲም አግኝቼ 95ቱን ከፍዬ 92 ዶላር ከ20 ይቀረኛል። በነፃው ካርድ 93 ዶላር ከ60 አገኝ ነበር። በዓመት 360 ዶላር እየተመለሰልኝ መስሎኝ ስፎክር የኖርኩት ሰውዬ፣ በ1 ዶላር ከ40 ተበልጬ ተገኘሁ።

ወደ ባንኩ ደውዬ ወደ ነፃው ዝቅ አድርጉልኝ አልኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ካርድ ከመዝጋት ይህ ይሻላል፤ የቆየ ሂሳብ ለክሬዲት ስኮር (ባንኮች ብድር አከፋፈላችሁን ለሚመዝኑበት ነጥብ) ይጠቅማል።

ልጆች በርከት ያሉበት ቤት ግን ሌላ ነው። ከሱፐርማርኬት በወር 500 ዶላር የምትገዙ ከሆነ ባለ 95ቱ ካርድ ክፍያው ተቀንሶ በዓመት 265 ዶላር ያስቀርላችኋል፣ ነፃው 180።

ለሐበሻ ሱቅ ደንበኞች የምመክረው ካፒታል ዋን ሴቨርን ነው። ዓመታዊ ክፍያ የለውም። በግሮሰሪም በምግብ ቤትም 3 በመቶ ይመልሳል። ሱቁ ከሁለቱ በየትኛው ኮድ ቢመዘገብ ለእናንተ ያው ነው። አራት ጠረጴዛ ኖረው አልኖረው አያገባችሁም። እኔ ይህን ካርድ ያወጣሁት ከዚያ ፋሲካ በኋላ ነው።

ኮስትኮ ላይ ምርጫው ጠባብ ነው። መደብሩ ከክሬዲት ካርዶች የሚቀበለው ቪዛ ብቻ ነው፣ ሌላው ካርድ በር ላይ ይቀራል። የራሳቸው የሲቲ ቪዛ ካርድ እዚያ 2 በመቶ ይመልሳል። ሁሉም ቦታ 2 በመቶ የሚመልስ የዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ ካላችሁም ቪዛ ስለሆነ ያንኑ ይሠራል። ታርጌት የምታዘወትሩ ከሆነ የራሱ ካርድ 5 በመቶ ይቀንሳል። ሆል ፉድስ ለሚገዛና አማዞን ፕራይም ላለው ሰው የፕራይም ቪዛ 5 በመቶ ይመልሳል።

የአሜሪካን ኤክስፕረስን ጎልድ ካርድ (አሜክስ ጎልድ) የያዘ ጓደኛ አላችሁ አይደል? ሱፐርማርኬት ላይ በዶላር 4 ፖይንት ይሰጣል፣ በዓመት እስከ 25,000 ዶላር። ዓመታዊ ክፍያው ግን 325 ዶላር ነው። ለሽንኩርትና ለዘይት ብቻ ከሆነ አያዋጣም። ምግብ ቤት ለሚያዘወትርና አውሮፕላን ትኬት በፖይንት ለሚቆርጥ ሰው ነው።

ደረጃ 5፦ የሚዞረውን 5 በመቶ አትርሱ

ዲስከቨር ኢት እና ቼዝ ፍሪደም ፍሌክስ የሚባሉት ካርዶች በየሦስት ወሩ የሚቀያየር ምድብ አላቸው። ግሮሰሪ ተራ የሚደርሰው ጊዜ አለ። ያን ጊዜ በሩቡ ዓመት እስከ 1,500 ዶላር ግዢ 5 በመቶ ይመልሳሉ። ሲሞላ 75 ዶላር ነው። ግን አፑ ውስጥ ገብታችሁ "አክቲቬት" ካላላችሁ 1 በመቶ ብቻ ነው። እኔ ስልኬ ላይ ለጥር፣ ለሚያዝያ፣ ለሐምሌና ለጥቅምት መጀመሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማስታወሻ አድርጌበታለሁ። ያለዚያ ይረሳል።

ደረጃ 6፦ ስታመለክቱ ወሩን ምረጡ

ዓመታዊ ክፍያ የሌላቸው ብዙ ካርዶች ለአዲስ ደንበኛ፣ በሦስት ወር ውስጥ 500 ዶላር ከተጠቀመ እንደ 200 ዶላር ያለ ጉርሻ ይሰጣሉ። ይህ ከዓመቱ የአስቤዛ ካሽ ባክ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ወጪ የሚበዛበት ወር ሲቃረብ አመልክቱ፦ ፋሲካ፣ ክርስትና፣ ልደት። ለማኅበር ድግስ ዕቃ የሚገዛው ሰው እናንተ ከሆናችሁ በካርዳችሁ ግዙና የሌሎቹን ድርሻ በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) ተቀበሉ። ግን ካሽ ባኩ ወደ እናንተ እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ንገሩ። ማኅበር በትንሽ ነገር ይቀየማል።

አሜሪካ ገና የገባችሁ ከሆነ እነዚህን ካርዶች መጀመሪያ ላይ ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። ክሬዲት ታሪክ ስለሌላችሁ ነው። ማስያዣ ተቀምጦበት በሚሰጥ ካርድ ጀምሩ፣ በየወሩ ሙሉውን ክፈሉ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ሞክሩ። በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ አታመልክቱ፤ እያንዳንዱ ማመልከቻ ስኮሩን ትንሽ ይነካዋል።

ደረጃ 7፦ ካሸሩ ጋ ስትደርሱ

የትኛው ካርድ የት እንደሆነ ማስታወስ ከባድ ነው። ባለቤቴ የቁስል ፕላስተር ቆርጣ በየካርዱ ጀርባ ለጥፋ በእስክሪብቶ ጻፈችበት፦ "ጂያንት"፣ "ኮስትኮ"፣ "እንጀራ"። አያምርም፣ ግን ይሠራል። እሷንም ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርጌ ካርዱ ላይ አስገብቻታለሁ፣ ምክንያቱም ገበያ በብዛት የምትወጣው እሷ ናት።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ስጦታ ካርድ በብዛት ገዝቶ ካሽ ባክ መሰብሰብ የአንዳንድ ባንኮች ሕግ ይከለክለዋል። ወደ አገር ቤት ገንዘብ ስትልኩም ክሬዲት ካርድ አትጠቀሙ። ብዙ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ እንዳወጣችሁ ይቆጥሩታል፣ ክፍያም ወለድም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል።

ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ማሽኑ አጠገብ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ዘንድሮ ለፋሲካ ወደዚያው ሱቅ ሄድኩ። በጉ፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ እንጀራው። "እንጀራ" የሚል ፕላስተር የተለጠፈበትን ካርድ አወጣሁ። ማሽኑ ላይ በእጅ የተጻፈ አዲስ ወረቀት አለ፦ "በካርድ ለሚከፍሉ 3% ይጨመራል"።

ካርዱን መለስኩና በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ።