መልካም ክርስቲያን ማን ነው? በመለኪያው ላይ የምንሠራቸውና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ስለ አንድ ሰው ደግነት ሲነሣ የሚባለው ነገር በአብዛኛው የታወቀ ነው፤ ረቡዕና ዓርብን አይገድፍም፣ ማኅበሩን አያጓድልም፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይጠፋም፣ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም ይባላል። እነዚህ ሁሉ የከበሩ ነገሮች ናቸው፤ የምጽፈውም እነርሱን ለማቃለል አይደለም። ሆኖም አንድ ሰው ጌታችንን «ቸር መምህር» ብሎ በጠራው ጊዜ የተሰጠው መልስ «ከአንዱ ከእግዚአብሔር በቀር ቸር ማንም የለም» የሚል ነበር (ማር. 10፥18)። በክርስትና እምነት የመልካምነት ምንጭ እግዚአብሔር ነው፤ ሰው ከዚያ ምንጭ ይቀበላል እንጂ ከራሱ አያመነጭም፤ መቀበሉ የሚታወቀውም የተቀበለው ነገር ወደ ባልንጀራው ሲደርስ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች መልካቸው ይለያይ እንጂ ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ሁሉም መልካምነትን ባልንጀራ በሌለበት ለመለካት የሚደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

ክፉ አለማድረግን ብቻ መልካምነት ማለት

«ሰው አልገደልሁ፣ የሰው ገንዘብ አልነካሁ፣ ምን በደልሁ?» የሚለው አነጋገር ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተጻፈው ባለጠጋ ግን አልዓዛርን መታው ወይም ቀማው አልተባለም። በደጁ የወደቀውን ሰው በየቀኑ እያየ ማለፉ ብቻ ነው በደሉ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይም በግራ የቆሙት የተጠየቁት ስላደረጉት ሳይሆን ስላላደረጉት ነው፤ የተራበው አልበላም፣ የታረዘው አልለበሰም፣ እንግዳው አልተቀበሉትም፣ የታመመውና የታሰረው አልተጠየቀም።

ይህ ቃል በእኛ አካባቢ በሩቁ የሚነበብ አይደለም። ከወለጋና ከሌሎች ስፍራዎች የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች በደብረ ብርሃን ከተማና በዙሪያዋ በመጠለያ ውስጥ ዓመታትን አሳልፈዋል። የመጀመሪያው ድንጋጤ በነበረ ጊዜ ሕዝቡ እንጀራና ልብስ ተሸክሞ ሄዷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ጊዜ ሲረዝም ግን ዓይን ይለምዳል፣ መጠለያውም እንደ ማንኛውም የከተማ ሰፈር ይታያል። ከዚያ በኋላ በመንገዱ የሚያልፍ ምእመን ማንንም አልበደለም፤ በምዕራፍ 25 የሚነሣው ጥያቄ ግን ያኔም ይመለከተዋል።

ጾምን የመልካምነት መጨረሻ ማድረግ

ዐቢይ ጾም 55 ቀናት አሉት። ይህን ጾም በመንዝና በተጉለት ብርድ፣ ከባድ የእርሻ ሥራ እየሠሩ መፈጸም ቀላል ነገር አይደለም፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን በመጠበቃቸው ለእኛ ታላቅ ሀብት አውርሰውናል። ስህተቱ የሚመጣው ጾሙ ሥጋን ገርቶ ልብን ለፍቅር የሚያዘጋጅ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የጉዞው ፍጻሜ ሆኖ ሲቆጠር ነው። ሊቃውንቱ በዐቢይ ጾም «ንጹም ጾመ ወናፍቅር ቢጸነ» (ጾምን እንጹም፣ ባልንጀራችንንም እንውደድ) ብለው ሲዘምሩ ጾሙንና የባልንጀራን ፍቅር በአንድ ቃል አስተሳስረው ነው፤ ሁለተኛው በሌለበት የመጀመሪያው ግማሽ ብቻውን አይቆምም።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የገሠጻቸው ሰዎች «ስለ ምን ጾምን፣ አንተም አልተመለከትኸንም?» ብለው እግዚአብሔርን የሚጠይቁ ጿሚዎች ነበሩ። የተሰጣቸውም መልስ በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቃሉ፣ ይጣላሉ፣ በጡጫም ይማታሉ የሚል ነበር። በአዝመራ ወቅት አጫጅ ቀጥሮ የቀን ዋጋውን ዛሬ ነገ እያለ የሚያጓትት ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ቢቆይ፣ በነቢዩ ቃል የሚመዘነው በሰዓቱ ርዝመት ሳይሆን በዚያ አጫጅ ደመወዝ ነው። የቀደሙት አባቶች በጾም ቀን የተረፈው ምግብ ለችግረኛ እንዲሰጥ ያስተማሩትም ከዚህ የተነሣ ነው። በቤታችን ግን የጾም ቀን ወጪ ከፍስኩ ቀን በልጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ይህን እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱ ሊያየው ይገባል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ወደ መቅደስ የወጣው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾም፣ ከሚያገኘውም ሁሉ ዐሥራት ያወጣ ነበር። አልዋሸም፤ በእውነት የሚያደርገውን ነው የተናገረው። ጸሎቱን ያበላሸው በአጠገቡ የቆመውን ቀራጭ መለኪያ አድርጎ ራሱን ከፍ ማድረጉ ነው።

የነጠቁትን ይዞ ንስሐ መግባት

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው እወዳለሁ። በገጠሩ ሰሜን ሸዋ ጠብና ክስ ከሚያስነሡ ነገሮች መካከል ዋነኛው መሬት ነው። በየዓመቱ እርሻ ሲገባ ማረሻውን ወደ ጎረቤት ማሳ በጥቂት በጥቂቱ ማስጠጋት፣ የድንበር ድንጋይ ማዛወር፣ አቅመ ደካማ የሆነችን መበለት ወይም ወላጅ የሌለውን ልጅ ከድርሻው ማስወጣት፣ ለዚህም በፍርድ ቤት የሐሰት ምስክር ማቆም በየቀበሌው የሚታወቅ በደል ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር ላይ የተናገረው ግልጽ ነው፤ በኦሪት ዘዳግም 27፥17 የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚያፈርስ ተረግሟል፤ ሕዝቡም ሁሉ «አሜን» እንዲል ታዝዟል።

በደለኛው ግን ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ሰው አይደለም። በዓመት በዓሉ ይደግሳል፣ ወደ ንስሐ አባቱም ቀርቦ «አባቴ ይፍቱኝ» ይላል፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተብሎ ጸሎት ይደረግለታል፣ ቀኖናም ተቀብሎ ይሰግዳል። በመጪው ክረምት ግን ያንኑ የገፋውን መሬት ዘር ይዘራበታል። የስግደቱ ድካም እውነተኛ ድካም ነው፤ የተገፋው ጎረቤት ግን ዛሬም ከማሳው ተገፍቶ ይኖራል።

ዘኬዎስ ጌታችንን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ «ይቅር በለኝ» በማለት ብቻ አልቆመም። ካለው ሁሉ እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ በሐሰት ከስሶ የወሰደውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ፤ «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» የሚለው ቃል የተሰማውም ከዚህ በኋላ ነው (ሉቃ. 19፥8-9)። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 የተደነገገው ሥርዓትም ባልንጀራውን የቀማ ሰው ዋናውን ከአምስተኛ እጅ ጭማሪ ጋር ለባለቤቱ እንዲመልስ፣ ከዚያም መሥዋዕቱን እንዲያቀርብ ያዝዛል። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጌታችንም በተራራው ስብከቱ መባህን በመሠዊያው ፊት ተወውና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል (ማቴ. 5፥23-24)።

እንግዲህ ንስሐ የሚገባ ሰው ለንስሐ አባቱ ሊናገር የሚገባው ያደረገውን ብቻ ሳይሆን በእጁ የቀረውን ጭምር ነው። መሬት ከሆነ ድንበሩን በሽማግሌ ፊት መመለስ፣ ገንዘብ ከሆነ ለባለቤቱ ወይም ለወራሹ መስጠት፣ የሐሰት ምስክርነት ከሆነ ቃሉን በሰጠበት ስፍራ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ይህ ያሳፍራል፣ ሊያስቀጣም ይችላል። ንስሐ አባቶችም ቀኖና በሚሰጡበት ጊዜ ከስግደቱ ቁጥር በፊት «የተበደለው ሰው ምን አገኘ?» ብለው ቢጠይቁ ለተናዛዡ ከሁሉ የሚበልጥ ውለታ ይውሉለታል።

ለወሬ የሚበቃ ድግስን ምጽዋት ማለት

ተስካር የሙታን መታሰቢያ፣ ዝክርም የቅዱሳን መታሰቢያ ነው፤ ሁለቱም ድሀ ሲበላባቸው ዓላማቸውን ያገኛሉ። ጌታችን ማዕድ ስታዘጋጅ ሊመልሱልህ የማይችሉትን ጥራ ብሎ ሳለ (ሉቃ. 14፥12-14) በሬ ተሽጦ፣ ብድር ተገብቶ ለሚመልሱ ሰዎች ሲደገስና የሟች ልጆች ለዓመታት ዕዳ ሲከፍሉ መኖራቸው ለማንም የሚጠቅም አይደለም። በቡልጋ የተወለዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለስብከት ከቤታቸው በወጡ ጊዜ ሀብታቸውን ለድሆች መጽውተው ቤታቸውን ክፍት ትተው እንደ ሄዱ ገድላቸው ይናገራል። በአንድ እግራቸው ቆመው መጸለያቸውን የማያውቅ የለም፤ በሥዕልም በየቤተ ክርስቲያኑ ይታያል። ይህን የቤታቸውን ነገር ግን ስናነሣው ብዙም አይሰማም።

ባለሙያን ንቆ ራስን ጻድቅ ማድረግ

ይህን ጉዳይ ብዙ ሰው ከሃይማኖት ጋር አያገናኘውም፤ እኔ ግን ሊገናኝ ይገባል ብዬ አምናለሁ። በአካባቢያችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ አልፊው «ቡዳ» እየተባሉ ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ገበሬው በእነርሱ ማረሻ ያርሳል፣ በእነርሱ ጋቢ ብርዱን ይከላከላል፣ በእነርሱ ምጣድ እንጀራ ይጋገርለታል፤ ለጋብቻ ሲጠየቅ ግን ይሸሻቸዋል፣ ልጁም ቢታመም በእነርሱ ያሳብባል። ይህን የሚያደርገው ሰው ሁለት ጊዜ ሳያስብ ቅዳሴ ያስቀድሳል።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው በወርቅና በብር በናስም እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽና እንጨት እንዲጠርብ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር (ሐዋ. 18፥3)፤ ጌታችንም በሀገሩ ሰዎች ዘንድ ጠራቢ ተብሎ ተጠርቷል (ማር. 6፥3)። የእጅ ሙያን የሚንቅ ክርስቲያን የሚያመልከውን ጌታ በናዝሬት ቢያገኘው ኖሮ ምን ይለው እንደነበር ሊያስብ ይገባዋል። በዚሁ በሰሜን ሸዋ በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ሆኖም ዐዋጅ ምላስን ይከለክል ይሆናል እንጂ በጋብቻና በማዕድ ላይ ያለውን መለያየት ሊያነሣ አልቻለም። ያንን ማንሣት የምእመናንና የካህናት ሥራ ነው። ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወድ እንደማይችል በዮሐንስ መልእክት የተጻፈው (1ዮሐ. 4፥20) ለዚህም ነገር በትክክል ይሠራል።

ሁሉን መቻል ጽድቅ ነው ብሎ ማስተማር

ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ቻይው፣ መልካም ሚስት ቻይ ናት» ብሎ ወደ ቤቷ መመለስ በሽምግልና ስም የሚፈጸም ትልቅ ስህተት ነው። ሽምግልና በሰሜን ሸዋ ደም ያደረቀ፣ ጠላትን ከጠላት ያስታረቀ የተከበረ ሥርዓት ነው፤ ክብሩ የሚጠበቀውም በደሉን ስሙን ጠርቶ ሲዳኝ ነው። ጌታችን ወንድምህ ቢበድልህ ዝም በለው አላለም፤ ሄደህ ውቀሰው፣ ባይሰማ ምስክር ይዘህ ሂድ፣ ያንንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር ነው ያለው (ማቴ. 18፥15-17)። ይቅርታና በደልን መደበቅ የተለያዩ ናቸው። ተበዳይዋ በልቧ ቂም ላለመያዝ ልትታገል ትችላለች፤ በዳዩ ግን ዱላውን እስኪጥል ድረስ እርሷን ወደ እርሱ መመለስ ለእርሱም ነፍስ ጉዳት ነው፤ በኃጢአቱ እንዲቀጥል ማገዝ ይሆናልና።

መልካም ሰው አይወድቅም ብሎ ተስፋ መቁረጥ

ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቅን የሆኑትን ነው። ወጣቱ በመጠጥ ወይም በዝሙት ይወድቃል፣ «እኔ ለክርስትና አልሆንም» ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቀራል፤ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዳይገናኝም በሌላ መንገድ መሄድ ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ሙሴ ጸሊም ከመመንኮሱ በፊት ወንበዴ ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዷል። ፈያታዊ ዘየማን፣ ከጌታችን በስተቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ለመጾምም ሆነ ለመመጽወት ጊዜ አልነበረውም፤ በመስቀል ላይ ሆኖ ግን በአጠገቡ በተሰቀለው ጌታችን ላይ ሲነገር የሰማውን ስድብ ተቃውሞ «አስበኝ» አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ በጸጋ ድናችኋል ካለ በኋላ ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ወዲያው ይጨምራል (ኤፌ. 2፥8-10)፤ ስለዚህ ጸጋው ከሥራ አያሳርፍም፤ ወድቆ የተነሣውንም ሰው ከሥራው አያባርረውም።

ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ነገር በጣም ቀላል ነው። የንስሐ አባቱ ካረፉ ወይም እርሱ ከቀዬው ርቆ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት ወይም በሌላ ከተማ የሚኖር ከሆነ፣ በአቅራቢያው ወዳለው ደብር ሄዶ ካህናቱን በመጠየቅ ሌላ የንስሐ አባት መያዝ ይችላል። ዐቢይ ጾም እስኪገባ ወይም ሕይወቱ እስኪስተካከል መጠበቅ አያስፈልገውም፤ የሚስተካከለው ወደ እርሳቸው ከሄደ በኋላ ነውና።