አርዱይኖው እየጠፋ የሚነሳ ከሆነ ኮዱን ተዉትና ኃይሉን እዩ

ኮዱ ትክክል ነው፣ ሽቦውም ቦታው ላይ ነው። ሰርቮው (ወደታዘዘው ማዕዘን የሚዞር ትንሽ ሞተር) መዞር ሲጀምር ግን ይንቀጠቀጣል፣ አርዱይኖ ኡኖው (ኮዱ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ላይ «ኤል» የተጻፈባት ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ ፕሮግራሙም ከመጀመሪያው ይነሳል። ተማሪዎች እዚህ ሲደርሱ ደህናውን ኮድ ደጋግመው ሲያፈርሱት ሳይ ያሳዝነኛል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ኃይል ነው። ሞተር ሲነሳ በአንዴ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቦርዱም ሪሴት ያደርጋል።

መጀመሪያ ያቺን ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘን ባትሪ ከሞተር አርቋት። 9 ስለሚል ጠንካራ ትመስላለች እንጂ አቅሟ 500 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ነው፣ ብዙ ከረንት ሲጠየቅባትም ቶሎ ትደክማለች። ቦርዱም 9ኙን ወደ 5 ሲያወርድ ትርፉን 4 ቮልት በሙቀት ያባክነዋል።

በእሷ ፋንታ 4 ባለ ኤኤ ባትሪ ድንጋይ ከነማቀፊያው ግዙ። በተከታታይ ሲያያዙ 6 ቮልት ይሰጣሉ፤ ኤስጂ90 የምትባለው ትንሽ ሰርቮ ደግሞ ከ4.8 እስከ 6 ቮልት ትሠራለች። የሰርቮውን ቀይ ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ቡናማውን ከኔጌቲቭ፣ ብርቱካናማውን ከቦርዱ ፒን 9 (ቁጥር 9 የተጻፈበት የሽቦ መሰኪያ) ጋር አገናኙ። ቦርዱ የራሱን ኃይል ከላፕቶፕ ወይም ከስልክ ቻርጀር በዩኤስቢ ይውሰድ። አሁን ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር መጣ፦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦርዱ ግራውንድ («GND» ወደሚለው ፒን) አንድ ጃምፐር ሽቦ መሄድ አለበት። ግራውንዱ የጋራ ካልሆነ ሰርቮው የሚላክለትን ሲግናል በትክክል ማንበብ ስለማይችል ባትሪው አዲስ ቢሆንም እንኳ ዝም ብሎ ይንዘፈዘፋል። የባትሪውን ፖዘቲቭ ግን ቦርዱ ላይ 5 ቮልት ከሚለው ፒን ጋር በፍጹም እንዳታገናኙት።

አሁንም ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) በሰርቮው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መካከል ጨምሩ። መስመር ያለበት ጎን ወደ ኔጌቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል።

ተራ ሞተርን በቀጥታ ከፒን ማንቀሳቀስም አይሆንም። አንድ ፒን በሰላም የሚሰጠው 20 ሚሊአምፒር ነው፣ ለኤልኢዲ ይበቃል። ለሞተር በፒኑ ትንሽ ከረንት ታዝዞ ትልቁን ከረንት ከባትሪው የሚያሳልፍ ትራንዚስተር ወይም የሞተር ድራይቨር ያስፈልጋል።

ከዚያ በቴስተር ለኩ። ሞተሩ ቆሞ ሳለ የሚታየው ቁጥር ብዙም አይነግራችሁም፣ እየዞረ ለኩት። የቦርዱ 5 ቮልት ፒን ከ5 በጥቂቱ ቢያንስ ምንም አይደል፤ ወደ 4 ሲጠጋ ግን ኬብሉን ቀይሩ። ቀጫጭንና ረጃጅም የዩኤስቢ ኬብሎች ብዙ ቮልቴጅ ይበላሉ።

መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ለምትሠሩ፦ ኡኖ ብቻውን የሚወስደው 50 ሚሊአምፒር ገደማ ስለሆነ ብዙ ፓወር ባንክ ምንም ያልተሰካበት መስሎት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ለስማርት ሰዓትና ለጆሮ ማዳመጫ የሚሆን የዝቅተኛ ከረንት ማብሪያ ያለውን ፈልጉ።