ብል የገባበትን የአያቴን መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት እንዳዳንኩት

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ቤታችን አንድ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አለ፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመው፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ሰማንያ አሃዱ፣ አዲሱ መደበኛ ትርጉም፣ የኦሮምኛውም ጭምር። ከሁሉም የምንሳሳለት ግን የአያቴ ነው። የልጆቿ ልደትና ክርስትና ከሽፋኑ ጀርባ ተጽፏል።

ሰሞኑን ሳነሳው ደቃቅ ዱቄት ረገፈ። ጥርዙ ላይም ጥቃቅን ቀዳዳ አየሁ። ብል!

ጎረቤታችን "ፍሊት ንፋበት" አለችኝ። እንዳትሞክሩት፤ ወረቀቱን ያበላሻል። ፀሐይ ላይ ማስጣቱም አያዋጣም፤ በድሬ ፀሐይ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል።

መፍትሔው ዲፕ ፍሪዝ ሆነ። መጽሐፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። አየሩን አስወጥቼ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። እናቴ "ቅዱስ መጽሐፍ ከሥጋ ጋር?" ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው፤ ሥጋው ወጣ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ይሁን፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይ። የተራ ፍሪጅ በረዶ ቤት ብዙውን ጊዜ እዚህ አይደርስም። መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ከመጀመሪያው መቁጠር ነው።

ዋናው ነገር ሲወጣ ነው። ከረጢቱን ወዲያው አትፍቱት! እንደታሰረ አንድ ቀን ይደር። አለበለዚያ ጤዛ ወረቀቱ ላይ ይቋጥራል፣ የድሮ ቀለም ደግሞ እርጥበት አይችልም።

ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ አራገፍኩ። የተቀደደውን በስኮች አልነካሁትም፤ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫውም ወረቀቱን ይበላል። መደርደሪያውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌ ሌሎቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ። ከሰማንያ አሃዱ ጥርዝም ዱቄት ወጣ፤ አሁን ተራው የእሱ ነው።