ባንኮክ ለገባ እንግዳ፦ ሐኪም ቤትና ጥሩ ምግብ እንዴት ይገኛል

ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ የሚበር አበሻ ባመዛኙ ወይ ዕቃ ሊገዛ ወይ ሊታከም ነው። ብዙው የሚያርፈው ናና ሰፈር ነው። ሱኩምቪት መንገድ ሶይ 3 (ሶይ ማለት ቅያስ ነው) ላይ ቡምሩንግራድ ሆስፒታል አለ፤ እዚያው አጠገብ ሶይ 3/1 የአረብ ሰፈር ነው፤ ምግብ ቤቱም ምንዛሪ ቤቱም በእግር ይደረሳል። ችግሩ ከዚያ ሰፈር ሳይወጡ መክረም ነው። ለጉንፋንም ለዕጢም አንድ በር ይንኳኳል፤ ቁርሱም እራቱም በቱሪስት ዋጋ ይበላል፤ ለትልቁ ሕክምና የተያዘው ገንዘብ በትንንሹ ያልቃል። ለየሕመሙ የሚመጥን በር አለ፤ ከቀላሉ እንጀምር።

ስልካችሁ ላይ የሚያዝ

1669 የአምቡላንስ ቁጥር ነው። 1155 የቱሪስት ፖሊስ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ያነሳል። የሆቴላችሁን አድራሻ በታይ ፊደል የተጻፈበትን ካርድና የፓስፖርታችሁን ገጽ ፎቶ አንሱ። ግራብ ወይም ቦልት የሚባለውን የታክሲ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ሜትር አልከፍትም ከሚል ታክሲ ጋር መጨቃጨቅ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለ ግን መኪና የሚባል ነገር እርሱት፣ በላይኛው ባቡር ሂዱ።

1. ለቀላል ሕመም፣ መድኃኒት ቤት

ጉንፋን፣ ተቅማጥ፣ አለርጂ፣ የቆዳ ማሳከክ ሲሆን ሆስፒታል አያስኬድም። የታይላንድ ፋርማሲስት ብዙ መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ መስጠት ይፈቀድለታል፤ አብዛኛውም ለመግባባት የሚበቃ እንግሊዝኛ አለው። ቡትስና ዋትሰንስ በየገበያ ማዕከሉ አሉ፤ ነጭ ጋወን የለበሰ ፋርማሲስት የቆመበት የሰፈር መድኃኒት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ይረክሳል። መድኃኒቱን አገር ቤት በለመዳችሁት የፋብሪካ ስም ሳይሆን በኬሚካል ስሙና በሚሊግራሙ ጠይቁ። የድሮውን ማሸጊያ ይዞ መሄድ ከሁሉም ይበልጣል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ አንዳንድ ትንንሽ ሱቆች ስም ያልተጻፈባቸውን የተለያዩ ክኒኖች በአንድ ላስቲክ አድርገው «ለወገብ»፣ «ለጉልበት» እያሉ ይሸጣሉ። ይህ «ያ ቹት» ይባላል። ውስጡ ስቴሮይድ ሊኖር ስለሚችል ለጊዜው ተአምር ይሠራል፤ ስኳርና ደም ግፊት ላለበት ሰው ግን አደጋ ነው። ሁለተኛ፣ ታይላንድ የምትቆጥረው በቡድሃ ዘመን ነው፤ በፈረንጅ ዓመት ላይ 543 ይደመራል። ማሸጊያው ላይ የመድኃኒቱ ማብቂያ 2570 ተብሎ ካያችሁ በፈረንጅ 2027 ነው። አንዳንዱ ደግሞ 70 ብቻ ብሎ ይተወዋል።

ትኩሳት ከሆነ ግን

እዚህ ላይ የአገር ቤቱ ልማድ ይጎዳል። እኛ ትኩሳትና ቁርጥማት ሲይዘን የሚታሰበን ወባ ነው፤ ለሕመሙም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንውጣለን። ባንኮክ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዴንጊ ነው። በቀን በምትናከስ ትንኝ ይተላለፋል። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን የመድማቱን አደጋ ስለሚያባብሱ ዴንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ አይነኩም። የሚወሰደው ፓራሲታሞል ብቻ ነው፤ እዚያ ሳራ በሚባል ስም በየሱቁ ይሸጣል። ውኃና ኦአርኤስ በብዛት ጠጡ።

ትኩሳቱ ሁለት ቀን ካለፈው የደም ቆጠራና የዴንጊ ምርመራ አሠሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትኩሳቱ ሲለቀው ነው፤ «ዳንኩ» ብሎ ይነሳል። ዴንጊ የሚከፋው ግን ትኩሳቱ በሚበርድበት ጊዜ፣ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ መድማት፣ መፍዘዝ ከታየ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። በቅርቡ ጋምቤላን፣ መተማን ወይም ሌላ ወባማ አካባቢ ከነበራችሁ ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ የባንኮክ ሐኪም በከተማው ወባ ስለማይጠብቅ ላይመረምራችሁ ይችላል።

ውሻ ወይም ዝንጀሮ ከነከሳችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ እጠቡና በዚያው ቀን ራማ 4 መንገድ ላይ ወዳለው ንግሥት ሳውፋ ኢንስቲትዩት ሂዱ። የታይ ቀይ መስቀል ነው፤ የእባብ እርባታውን ብሎ የሚያውቀው ይበዛል፤ በእብድ ውሻ በሽታ ሕክምና የታወቀ ቦታ ነው። መርፌው በአንድ ቀን አያልቅም፤ የሚሰጣችሁን ካርድ አትጣሉ።

2. የመንግሥት ሆስፒታል

ጊዜ ያለውና ገንዘቡን የሚቆጥር ሰው እዚህ ይሂድ። በ1888 በፈረንጅ አቆጣጠር የተከፈተው ሲሪራጅ፣ የቀይ መስቀሉ ቹላሎንግኮርን፣ ራማቲቦዲ፦ ሦስቱም ሐኪም የሚያስተምሩ ናቸው። በግል ሆስፒታል ማታ በውድ የሚያያችሁ ስፔሻሊስት ጠዋት እዚህ ሊሆን ይችላል። ለውጭ ዜጋ የተለየ የዋጋ ደረጃ ቢኖርም ከትልልቆቹ የግል ሆስፒታሎች ብዙ ይረክሳል።

ርካሽነቱ ግን ጊዜ ያስከፍላል። ጠዋት አንድ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር እዚያ ካልደረሳችሁ ወረፋው አልፏችኋል። አዲስ ታካሚ ፓስፖርቱን ይዞ ካርድ ክፍል ይመዘገባል፣ የማይለወጥ የታካሚ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ነርስ ግፊትና ክብደት ትለካለች፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ይላካል። ከሐኪሙ በኋላ ገንዘብ ተቀባይ፣ ከዚያ መድኃኒት ማደያ። ምልክቶቹ በአብዛኛው በታይኛ ስለሆኑ ቋንቋው የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አቋራጭ ከፈለጋችሁ «ከሥራ ሰዓት ውጭ ክሊኒክ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሰዓት በኋላና ማታ የሚሠራ ነው፣ ጥቂት ይጨምራል፣ ግማሽ ቀን ያተርፋል። የሲሪራጅ ታካሚ በጀልባ ዋንግ ላንግ ወደብ ወርዶ በእግሩ ይገባል።

3. ትልቁ የግል ሆስፒታል

ቡምሩንግራድ፣ ባንኮክ ሆስፒታል፣ ሳሚቲቬጅ እንግዳ መቀበል ያውቁበታል። ሥራው ያለው ከመሄድ በፊት ነው፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚሁ ነው።

ፋይሉን በደንብ አዘጋጁ። የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ ፊልም መስኮት ላይ ለጥፎ በስልክ አንስቶ መላክ አይረባም፤ ከምርመራው ማዕከል ዳይኮም በሚባለው ዓይነት የተቀዳ ሲዲ ጠይቁ። ዕጢ ከሆነ ናሙናው የተቀመጠበትን የፓራፊን ብሎክና ስላይዱን ከላቦራቶሪው ተቀበሉ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ብሎኩ ከሌለ እንደገና ባዮፕሲ ሊሠራ ነው፤ ገንዘቡም ሕመሙም ሁለት ጊዜ።

ቀን ያለበትን ወረቀት ሁሉ ወደ ፈረንጅ አስቀይሩ። በ2016 ዓ.ም. የተሠራ ምርመራ ባንኮክ ሲደርስ ከእውነተኛ ዕድሜው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጀ ተደርጎ ይታያል፤ «እንደገና አሠሩ» ትባላላችሁ። የልደት ዓመት እንደ እኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ደግሞ ታካሚው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅቶ ይመዘገባል። ስምም እንዲሁ፦ ሪፈሩ ላይ የተጻፈው ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ካልተመሳሰለ፣ ወይም አንዱ ጋ የአባት ስም ሌላው ጋ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ከተያዘ፣ ለአንድ ሰው ሁለት የታካሚ ቁጥር ይከፈታል፤ የላቦራቶሪ ውጤቱም ለሁለት ይበተናል። ሁሉም በፓስፖርቱ ልክ ይሁን።

ከዚያ ያንኑ ፋይል ለሁለት ወይም ለሦስት ሆስፒታል የውጭ ታካሚዎች ክፍል በኢሜይል ላኩ። ይህ በነፃ ነው። በደላላ በኩል አትግቡ፤ ኮሚሽኑ ከየት እንደሚወጣ መገመት አያቅትም። የሚመጣላችሁ የዋጋ ግምት አንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ መልሱና ዘርዝሩልን በሉ፦ የስንት ሌሊት አልጋ ነው? የቀዶ ሐኪሙና የማደንዘዣው ክፍያ አለበት? ዊንጣው፣ ስቴንቱ፣ ሌንሱስ? ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢያስፈልግ በቀን ስንት ነው? ስፌት መፍቻውና ሲወጡ የሚሰጠው መድኃኒት? «ፓኬጅ» የሚባለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ድንገት የሚፈጠር ችግርንና ቀድሞ ያለ ስኳርን ወይም ግፊትን አይጨምርም። ከግምቱ በላይ ቢያንስ ሲሶ መጠባበቂያ የሌለው ሰው ትልቅ ቀዶ ሕክምና ባይጀምር ይሻላል።

ሲተኙ መያዣ ገንዘብ ይጠየቃል። በባንክ ካርዳችሁ በአንድ ቀን እስከ ስንት መክፈል እንደሚቻል ቀድማችሁ ባንካችሁን ጠይቁ። ኢንሹራንስ ካለ የዋስትና ደብዳቤው ከመተኛት በፊት ይድረስ፤ ቅዳሜና እሁድ ላይ ከወደቀ ከኪስ ከፍሎ መጠበቅ ይመጣል። አስተርጓሚም ቀጠሮ ሲያዝ ጠይቁ፤ በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው የሚያቀርብ ሆስፒታል አለ። ዘመድ ክፉ ዜና እየቆረጠ ስለሚያስተረጉም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለወራት የሚወሰድ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ከታዘዘ ማዘዣውን ተቀብላችሁ ውጭ ዋጋ ጠይቁ፤ ልዩነቱ ያስደነግጣል። ስትወጡ የሕክምናውን ማጠቃለያ፣ የምስሎቹን ሲዲ፣ ዝርዝር ደረሰኝና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሆነ ለአየር መንገዱ መብረር ይችላል የሚል ወረቀት ያዙ።

አሁን ምግቡ

ናና ካረፋችሁ አንድ ጣቢያ በባቡር ሂዱና አሶክ ውረዱ። ተርሚናል 21 የሚባለው የገበያ ማዕከል አምስተኛ ፎቅ ላይ ፒየር 21 የምግብ አዳራሽ አለ። መግቢያው ላይ ካርድ ላይ ገንዘብ ታስሞላላችሁ፣ ሥዕሉን እያያችሁ ታዛላችሁ፣ የተረፈውን ሲወጡ ይመልሱላችኋል። ቋንቋ አያስፈልግም፤ ዋጋው ከጎዳና ብዙ አይርቅም። ጎዳና ላይ አንድ ሳህን ምግብ ከ50 እስከ 80 ባት አካባቢ ነው። ሌላው ጥሩ ነገር የመንግሥት ሆስፒታል ካፍቴሪያ ነው፤ ከሲሪራጅ ጎን ያለው የዋንግ ላንግ ገበያ ደግሞ ለምግብ ብቻ ቢኬድበትም ያስኬዳል።

ወጥ ደርድረው በሩዝ የሚሸጡ ቤቶች ምግባቸውን ጠዋት ነው የሚሠሩት፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ብሉ፣ ማታ የተረፈውን ተዉት። የቧንቧ ውኃ አይጠጣም። መሐሉ ቀዳዳ ያለው ክብ በረዶ ከፋብሪካ የወጣ ስለሆነ ችግር የለውም፤ ከትልቅ ብሎክ የተፈለጠው ግን ዓሣ ማቀዝቀዣ ነው፣ መጠጥ ውስጥ አይግባ።

ለጾመኛ ባንኮክ ምቹ ናት፣ ቃሉን ካወቃችሁ። «ጄ» በሉ። ቁጥር 17 የሚመስል ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ባንዲራ የተሰቀለበት ቤት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም፤ እንዲያውም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባም፣ ስለዚህ ጣዕሙ ትንሽ ይከብዳል። «ማንግሳዊራት» የሚለው ግን እንቁላልና ወተት ይኖረዋል። ተራ ምግብ ቤት ገብቶ «ሥጋ የለበትም» መባል አይበቃም፤ የአትክልት ጥብሱ የዓሣ ወይም የኦይስተር ሶስ አለው፣ የወጡ ቅመም ውስጥ የተፈጨ ሽሪምፕ አለ፣ ብርቱካንማው የታይ ሻይም የታሸገ ወተት አለበት። የኮኮናት ወተት ጾም ነው። ሙስሊም የሆነ ደግሞ የሐላል ምልክቱን ይፈልግ፤ አሳማ ሾርባውም ጥብሱም ውስጥ ይገባል። ሶይ 3/1 ለዚህ ይመቻል። በዚያው አካባቢ እንጀራም ይገኛል፤ ቤቶቹ ስለሚከፈቱና ስለሚዘጉ ከመሄዳችሁ በፊት ካርታ ላይ እዩ።

ክትፎና ቁርጥ ወዳዶች፦ «ላብ» የሚባለውን የተከተፈ ሥጋ ምግብ ጥሬውን አትንኩ። ከጥሬ አሳማ የሚይዘው ባክቴሪያ ማጅራት ገትር አምጥቶ ጆሮ ያደነቁራል፤ ጥሬ የወንዝ ዓሣም የጉበት ትል ያመጣል።

ለታማሚ ሰው ጆክ የሚባለው የሩዝ ገንፎ ተስማሚ ነው፤ ካልተናገራችሁ በአሳማ ስለሚመጣ «ጆክ ካይ» ብላችሁ በዶሮ እዘዙ። «ማይ ፔት» አታቃጥለው ማለት ነው፤ የሚመጣው ግን አንዳንዴ ለእኛም ያቃጥላል። ግፊት ያለበት የዓሣ ሶሱን ይተው፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መጠጥ ሲያዝ «ማይ ዋን»፣ ማለትም አታጣፍጠው፣ ይበል። ፍራፍሬው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚዘናጋው፦ ሲቆረጥ ኮከብ የሚመስለው ካራምቦላ ለኩላሊት ታማሚ መርዝ ነው፣ ጭማቂውም ጭምር። ፖሜሎ ደግሞ ከአንዳንድ የግፊት፣ የኮሌስትሮልና ንቅለ ተከላ ካደረገ ሰው መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል፤ ፋርማሲስቱን ሳትጠይቁ አትብሉ።

ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ታማሚ ኩሽና ያለው አፓርታማ ይከራይ። ሽሮና በርበሬ በደንብ ታሽጎ ይያዝ፤ ቅቤና ቋንታ ግን የእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ አይገቡም። ሽንኩርትና አትክልት ካምፔንግ ፔት ጣቢያ አጠገብ ባለው ኦር ቶር ኮር ገበያ ንጹሕ ነው፣ ግን ውድ ነው፤ የሰፈር ገበያው ይበቃል። ክፍሉን ከመከራየታችሁ በፊት ምድጃው እንደሚሠራና ከበላዩ አየር ማውጫ እንዳለ እዩ፤ ቁሌቱ የጭስ ማንቂያውን ያስጮኸዋል።